40 ፈረስ ጉልበት ጣና ላይ ስንት ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለሁለት ምት የጀልባ ሞተር ገዝቼ ጣና ላይ ሰው አመላልስበታለሁ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው ብቻዬን ስሄድ በደቂቃ 4,700 ዙር ይደርሳል። አሥር ሰው ስጭን ግን 4,200 ላይ ይቆምና ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይጎተታል። የሞተሩ መመሪያ በሙሉ ነዳጅ ከ4,500 እስከ 5,500 ይላል። መካኒክ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጠበልኝ፤ ለውጥ የለም። ፕሮፔለሩ ላይ 11×13 የሚል ተጽፏል። ምን ይሻለኛል?
የጀልባ ባለቤት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ አያስከፍቱ። በ4,700 ዙር የሚበቃ ቤንዚን የሚያገኝ ሞተር በ4,200 ነዳጅ አያጥረውም። ነዳጅ የሚያጥረው ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው፦ ሲነሳ ደህና ይሄድና ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይዝላል፤ በቱቦው መሀል ያለውን የጎማ ፓምፕ ሲጨምቁለት ደግሞ ነፍስ ይዘራል። ያኔ ወይ የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ተዘግታለች፣ ወይ ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ወይ ቱቦው አየር ይስባል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይዩ። ሞተሩን አጥፍተው የደኅንነት ገመዱን ይንቀሉና የሞተሩን ክዳን ያንሱ። ረዳትዎ ማርሹ እንዲገባ ፕሮፔለሩን በእጁ ትንሽ ያዙርና እጁን ያንሳ፤ እርስዎ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ይግፉት። በካርቡሬተሩ አፍ ያለችው ሳህን ከሚገባው አየር አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆና መቆም አለባት። ጋደል ብላ ከቀረች ኬብሉ ረግቧል፤ ጫፉ ላይ ባለው ማስተካከያ ያጥብቁት። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

እሱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከከፍታውና ከፕሮፔለሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የእርስዎ 40 ፈረስ 33 ያህል ሆኖ ነው የሚሠራው። ፕሮፔለሩ ግን ይህን አያውቅም። 11×13 ሲል የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው፤ 13 ደግሞ ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት በኢንች ነው። ለ33 ፈረስና ለአሥር ሰው 13 ይከብዳል። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ነው።

ከዚህ ቁጥር አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ስለዚህ ስፋቱ ሳይለወጥ ወደ 11×11 ይቀይሩ፦ ተጭኖ 4,500 እና 4,600 አካባቢ፣ ባዶውን ደግሞ 5,000 እና 5,100 አካባቢ ይሆናል፤ ሁለቱም መመሪያው ውስጥ ናቸው። 11×9 የሚሸጥልዎ ቢመጣ አይቸኩሉ፤ ባዶውን ሲሄዱ ወደ 5,500 ተጠግቶ መተንፈሻ ያጣል። እንዲሁ ተጭኖ በ4,200 ሙሉ ነዳጅ እየሰጡ መቀጠሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፒስተኑ ላይ ጥላሸት ይጋግራል፣ ሞተሩንም ያግላል።

አፍንጫው የሚሰቀለው በከፊል ከአቀማመጥ ነው። የሞተሩን ዘንበልታ የምትይዘውን ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባው ያስጠጉ፤ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላ ወደ መሀል ያስቀምጡ፤ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ካለ ይቅዱት። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ቲኬት የማይከፍል ተሳፋሪ።

በመጨረሻ ካንዴላዎቹን ፈትተው ይዩ። ጥቁርና ርጥብ ከሆኑ ለዚህ አየር ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ዋናዋን ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን በአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ መሠረት በጠባብ ማስለወጥ ይረዳል። የወጣችውን አይጣሏት። ሞተሩ አንድ ቀን ለጅቡቲ ወይም ለምጽዋ ቢሸጥ ትመለስ፤ በጠባቧ ባሕር ላይ ከሠራ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለ15 ፈረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዙሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም።
ዓሣ አስጋሪ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ መጀመሪያ እምቦጭ ወይም የመረብ ቁራጭ ተጠምጥሞ እንደሆነ ይዩ። ንጹሕ ከሆነ የፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ሳይለቅ አልቀረም። ከውስጠኛው የብረት ቀለበት እስከ ውጭኛው አካል በሚስማር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጫሩ፤ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ አጥፍተው ይመልከቱ። መስመሩ ከሁለት ተከፍሎ ከተራራቀ ጎማው ይንሸራተታል፤ እስኪቀየር በዝግታ ከሄዱ ወደብ ያደርሳል። ፕሮፔለሩን ሲፈቱ ከኋላው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር ካገኙ ነቅለው ብቻ አይለፉ። ክሩ የማርሽ ቤቱን የዘይት ጎማ ይቆርጣል። የታችኛውን የዘይት ብሎን ትንሽ ላላ ያድርጉት፤ ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቷልና ጎማው ሳይቀየር አይነሱ።