ቆሻሻው በየት በር ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ቆሻሻ ናቸው። ስለ ቆሻሻ ልበል እንጂ ጠጋ ብሎ ላነበባቸው ስለ መግዛት ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ፍሪጄን ባጸዳሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። የሻገተ ዳቦ፣ የጠወለገ አትክልት፣ መቼ እንዳስቀመጥኩት የማላስታውሰው ትርፍራፊ። እኛ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ነን። እንዴት ነው ይህን ሁሉ የምንጥለው?»

ብቻሽን አይደለሽም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው ከሱቅ ወይም ከሆቴል ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ነው። በአማካይ ሲሰላ ለአንድ ሰው በዓመት 79 ኪሎ ይደርሳል። ልጣጭና አጥንቱ አብሮ ተቆጥሮ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። በሀብታም አገሮችና በመካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በነፍስ ወከፍ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። «የጠገበ ነው የሚጥለው» የምንለው ነገር እንግዲህ ብዙም አያስኬድም።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ የሳምንቱን ቆሻሻ ገለበጥኩት። መሐል ላይ አንድ ፌስታል ቅጠላ ቅጠል አገኘሁ። ከሱቅ ሲመጣ የታሰረበት ቋጠሮ እንኳ አልተፈታም። ውስጡ ያለው ቅጠል ወደ አረንጓዴ ውኃ ተለውጧል። ፍሪጁን ስከፍት ደግሞ ያንኑ ዓይነት ቅጠል፣ በሌላ ፌስታል፣ እንዲሁ ታስሮ ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያው ከታች መሳቢያ ውስጥ ተደብቆ ስላላየሁት ሁለተኛ ገዝቻለሁ። ጥፋቴ ስስት አልነበረም፣ አለማየት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው። ገበያ ከመውጣቴ በፊት ፍሪጁን ከፍቼ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ሱቅ ውስጥ እጄ ወደ ዕቃው ሲዘረጋ ፎቶውን አየዋለሁ። ቶሎ የሚበላሸውን ዓይን የሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ አወጣለሁ፤ ያ የታች መሳቢያ የአትክልት መቃብር ነው። ዳቦ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ነው የሚደርቀው። በሁለት ቀን የማትጨርሱት ከሆነ በገዛሽበት ቀን ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፤ የሚበቃሽን እያወጣሽ ታሞቂዋለሽ። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥም ይበላ። ዕቃው ላይ ቀኑን ጻፊበት። «አስታውሰዋለሁ» ብሎ ያስታወሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ማሸጊያ ላይ ስለሚጻፈው ቀንም አንድ ነገር ልጨምር። «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት ነው፤ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ብስኩቱ መርዝ አይሆንም። «እስከዚህ ቀን ተጠቀም» የሚለው ግን የጤና ጉዳይ ነው። እሱን አትድፈሪው።

«ልጣጭ ዞሮ ዞሮ አፈር ነው የሚሆነው። ከሌላው ቆሻሻ ጋር ቀላቅዬ ብጥለው ምን ችግር አለው?»

አየር ካገኘ ልክ ነህ። የቆሻሻ ክምር ሥር ግን አየር የለም። አየር በሌለበት የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። በመቶ ዓመት ስሌት ሚቴን ሙቀት በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን 27 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ትንሽ ቦታ ካለህ ኮምፖስት፣ ማለትም ከልጣጭና ከቅጠል የሚገኝ ማዳበሪያ፣ ሥራ። ለአንድ እጅ እርጥብ ልጣጭ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ጨምርበት። ሥጋ፣ የወተት ውጤትና ዘይት አታስገባ። ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታል ማለት ነው፤ ካርቶን ጨምረህ አገላብጠው።

«አዲስ ሶፋ ገዛሁ። ወዲያው ምንጣፉ አሮጌ መሰለኝ። ምንጣፉን ስቀይር መጋረጃው አስጠላኝ። ባለቤቴ “ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ” እያለ ይስቃል። ምን ነካኝ?»

ባልሽ ይሳቅ እንጂ የያዘሽ ነገር ስም አለው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ1769 ስለራሱ የጻፈው ታሪክ አለ። ያማረ አዲስ የቤት ካባ አገኘ። ካባውን ለብሶ ክፍሉን ሲያይ ዕቃው ሁሉ ውራጅ መሰለው። የሣር ወንበሩ ወጥቶ የቆዳ ወንበር ገባ። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ። በመጨረሻ፣ የአሮጌው ካባ ጌታ ነበርኩ፣ የአዲሱ ግን ባሪያ ሆንኩ እያለ አማረረ። ግራንት ማክራከን የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1988 ነገሩን «የዲድሮ ውጤት» ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ ምንጣፍሽ አላረጀም ማለት ነው። አዲስ ጎረቤት መጥቶበት ነው። የምመክርሽ ሶፋውን ካለው ዕቃ ጋር ሁለት ወር እንድታኖሪው ነው። አንድ ቀን ሻይ ይፈስበታል፤ ከዚያ በኋላ ከምንጣፉ ጋር ይግባባሉ። ቅናሽ የሚል ማስታወቂያ ሲያጓጓሽ ደግሞ «በሙሉ ዋጋው ቢሆን እገዛው ነበር?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ አይሆንም ከሆነ የወደድሽው ዕቃውን ሳይሆን ቅናሹን ነው። ይህን የምልሽ የጭማቂ መጭመቂያ ያለኝ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ ሠርቷል፤ አንዴ የተገዛ ዕለት፣ አንዴ እንግዳ «እስቲ እንየው» ብሎኝ።

«ልብስ እወዳለሁ። ግን አልጥልም፣ እሰጣለሁ። ስለዚህ ጥፋት የለብኝም አይደል?»

መስጠቱ ደግ ነው። ግን ደግሞ ለመግዛት ፈቃድ አድርገሽው እንዳይሆን። በዓለም ላይ የሚመረተው ልብስ ከ2000 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በእጥፍ ያህል ጨምሯል። እያንዳንዱ ልብስ የሚለበስበት ጊዜ ግን አጥሯል። ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ከሆነ ዚፑን አስቀይረሽ ስጪ። አለዚያ የሰጠሽው ልብስ ሳይሆን የመጣል ሥራ ነው።

«ፕላስቲኩ ላይ ባለ ሦስት ቀስት ምልክት ካለ ሪሳይክል ይደረጋል፣ ተመልሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል ማለት አይደለም እንዴ?»

አይደለም፣ ወዳጄ። በምልክቱ መሐል ያለው ቁጥር ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። በ1988 ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። 1 ቁጥር የውኃ ጠርሙስ ነው። 2 ቁጥር እንደ ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና ያለው ወፍራም ጠርሙስ ነው። ብዙ ጊዜ ፈላጊ የሚያገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፎም የሚባለው ነጭ የምግብ መያዣ 6 ቁጥር ነው፤ እሱን የሚቀበል ካገኘህ ዕድለኛ ነህ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ሪሳይክል የሆነው 9 በመቶ ያህል ነው። 12 በመቶው ተቃጠለ። የቀረው ተቀብሯል ወይም ሜዳ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ለይተህ ስለጣልክ ብቻ ልብህ አይረፍ። ቅባት የነካውን ዕቃ ሳታለቀልቅ ከወረቀት ጋር ከቀላቀልከው ደግሞ ደህናውን ወረቀት ጭምር ታበላሻለህ። በአንጻሩ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ድካምህን ከንቱ አያስቀርም። ከአሮጌው አዲስ መሥራት ከማዕድን ከመጀመር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል።

«ፌስታል ትቻለሁ! አሁን 14 የጨርቅ ቦርሳ አለኝ። ጎበዝ በሉኝ።»

አንድ ቢኖርሽ ጎበዝ እልሽ ነበር። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ተራ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት በኩል ብቻ ፌስታልን ለማካካስ ቢያንስ 52 ጊዜ መያዝ አለበት። 14ቱ እንግዲህ 728 ጊዜ ማለት ነው። ጥናቱ ሜዳ ላይ ወድቆ የሚቀረውን ፌስታል አልቆጠረም፤ ለጨርቁ ቦርሳ ስንል ይህንንም እንናገር። ቢሆንም ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የተኛ ቦርሳ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አንዱን በር ላይ ስቀዪ፣ አንዱን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። አስራ አምስተኛውን በነጻ ሲሰጡሽ «አመሰግናለሁ፣ አለኝ» በዪ።

«ዱሮ ዕቃ ይበረክት ነበር ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ዛሬ ሁሉም ነገር ሲበላሽ “አዲስ ይግዙ” ነው። ተሳስቻለሁ?»

ግማሹን ልክ ነዎት። በ1924 የአምፖል አምራቾች ጄኔቫ ላይ ተስማምተው የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ በፊት ብዙው ከዚያ በላይ ይበራ ነበር። አምፖሉ ከልክ በላይ የቆየበት አምራች ይቀጣ ነበር! በረከተ ተብሎ መቀጣት። እርግጥ አምራቾቹ አጭር ዕድሜ ያለው አምፖል የበለጠ ይደምቃል ብለው ተከራክረዋል፤ ጨርሶ ውሸትም አይደለም።

የልጆቹም ሳቅ ግን ጥቂት እውነት አለው። ከዱሮ ዕቃ ውስጥ የተሰበረው ያኔ ተጥሏል። ዛሬ ቤትዎ ውስጥ ምስክር ሆኖ የቆመው የበረከተው ብቻ ነው።

በእኔ የደረሰ ልንገርዎ። ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለኝ። አንዱ ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው «ይሄ ሞቷል፣ ሌላ ይግዙ» አለኝ። ሌላው ስልኩን ወደ መብራት አቅርቦ ቀዳዳውን አየና በጥርስ መፋቂያ ጎርጎር አደረገው። የኪስ ብናኝ ተጠቅልሎ ወጣ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያን ስልክ እስካሁን ይዤዋለሁ።

በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተጥሏል። በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መሆኑ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ስለዚህ ገና ሲገዙ ይጠይቁ፦ ባትሪው በብሎን ነው የታሰረው ወይስ በማጣበቂያ? መለዋወጫ ይገኛል? ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ እንደ ላፕቶፕ ባሉ ዕቃዎች ላይ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት እንዲለጠፍ አስገድዳለች። ያረጀ የስልክ ባትሪ ደግሞ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉ፤ የቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል።

«ፋብሪካው በአንድ ቀን የሚጥለውን እኔ በዕድሜዬ አልጥልም። ለምንድን ነው ቤተሰብ የሚወቀሰው?»

ጥያቄህ ያመኛል፣ እውነት ስላለበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለዚህ ነው። ኪያሩን በፕላስቲክ የጠቀለልኩት እኔ አይደለሁም፤ ስልኩን በማጣበቂያ የዘጋሁትም እኔ አይደለሁም። ሁሉንም ሰው እኩል መውቀስም አያስኬድም። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ አንድ ሰው በቀን በአማካይ 0.74 ኪሎ ቆሻሻ ይጥላል። ከአገር አገር ሲታይ ግን ከ0.11 እስከ 4.54 ኪሎ ይለያያል። 0.11 ኪሎ የሚጥለውን ሰው «ቀንስ» ማለት ነውር ነው።

ደንብ ሲኖር ቤተሰብም ይለወጣል። ደቡብ ኮሪያ በ2005 የምግብ ቆሻሻ መቅበርን ከለከለች። በ2013 ደግሞ ቤተሰብ በጣለው መጠን እንዲከፍል አደረገች። ዛሬ እዚያ የምግብ ቆሻሻው እጅግ የሚበዛው የእንስሳት መኖ፣ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ይሆናል። ይህ በአንድ ሰው ጥሩ ጸባይ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ተቆጣ፣ ፋብሪካውንም ሕግ አውጪውንም ጠይቅ። ብቻ ያ ቁጣ ያልፈለግከውን ዕቃ መግዣ ሰበብ እንዳይሆንህ። እኔ አንዳንዴ አድርጌዋለሁ፣ ለዚህ ነው የማውቀው።

«እናቴ ፌስታል አይጥሉም። ፌስታል የሞላው ፌስታል በር ጀርባ ተሰቅሏል። ባዶ ጠርሙስ፣ ገመድ፣ የስጦታ ወረቀት፣ ሁሉም “ያስፈልጋል” ነው። ምን ላድርጋቸው?»

ምንም። ባለፈው ጠርሙስ የቸገረሽ ጊዜ ከማን ወሰድሽ?

«ወጥ ቤቴን ከፕላስቲክ ነጻ ማድረግ እፈልጋለሁ። ባለ እንጨት ክዳን፣ አንድ ዓይነት የሆኑ 24 የመስታወት ዕቃዎች አየሁ። በጣም ያምራሉ። ልግዛ?»

አትግዢ። ያለሽ ፕላስቲክ እስኪሰበር ድረስ ደረቅ ነገር ያዢበት። የማርና የጃም ጠርሙስ ባለቀ ቁጥር አጥበሽ አስቀምጪ፣ ወይም እናታቸው ፌስታል የማይጥሉትን ከላይ ያለችውን ጠያቂ ለምኚ። ወረቀቱ አልላቀቅ ካለሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፊው። የሚቀረውን ማጣበቂያ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ ለውሰሽ እሺው። ክዳኑ ሽታ ከያዘ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ገልብጠሽ ተዪው።