ኬሚስትሪ ሳይማሩ ክሬም ስለ መሥራት ለጠየቅሽው እህቴ

«የተመረቅሁት በማኔጅመንት ነው፤ ኬሚስትሪ አላውቅም፤ በ15,000 ብር መነሻ የፊትና የሰውነት ክሬም ሠርቼ መሸጥ እችላለሁ ወይ? የትኛውንስ ሥልጠና ልውሰድ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «አይዞሽ፣ ይቻላል» ብለውሻል። መቻሉንማ እኔም አውቃለሁ፤ ምን እንደሚያስከፍል ግን ማንም አልነገረሽም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በአሥረኛ ክፍል በኬሚስትሪ ያገኘሁትን ውጤት እዚህ ላይ ብጽፈው ታፍሪብኛለሽ። ይሁን እንጂ ላለፉት አምስት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በራሴ ማዕድ ቤት የከንፈር ቅባት፣ የሰውነት ቅባትና ክሬም እየሠራሁ ደንበኞች አፍርቻለሁ። ያንቺ ሁኔታ የእኔው ስለሆነ በተራ በተራ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ለሥልጠና አትቸኩዪ። እኔ ለሁለት ቀን ሥልጠና 6,000 ብር ከፍዬ ጥብጣብ የታሰረበት የምስክር ወረቀት ይዤ ተመልሻለሁ። አሠልጣኟ ሁሉንም ነገር በሾርባ ማንኪያ ስትለካ ዋለች። ክሬሙ እንዳይበላሽ ስለሚገባበት ነገር ስጠይቃት «እሱ ለሁለተኛ ደረጃ ሠልጣኞች የሚሰጥ ነው» ብላ አለፈችኝ፤ ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ሌላ 9,000 ብር ነበር። ከዚያ ሥልጠና ይልቅ ያስተማረኝ ቤቴ ውስጥ ያገኘሁት ባዶ የሎሽን ጠርሙስ ነው። በጠርሙሱ ጀርባ የተዘረዘሩት ግብዓቶች እንዲያው የተደረደሩ አይደሉም፤ በክብደት ብዙ ከያዘው ወደ ጥቂቱ እየወረዱ ነው የሚጻፉት። ይህ ቅደም ተከተል 1 በመቶ እስኪደረስ ድረስ የግድ ይጠበቃል፤ ከዚያ በታች ያሉትን አምራቹ እንደፈቀደ ሊያፈራርቃቸው ይችላል። ፌኖክሲኢታኖል የሚባለው የመበላሸት መከላከያ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ በዚያ ሕግ በተሠራ ዕቃ ላይ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ነው። እንግዲህ በሣጥኑ ፊት በትልቁ «የእሬት ክሬም» ተብሎ ተጽፎ፣ በጀርባው እሬቱን ከፌኖክሲኢታኖል በታች ስታገኚው ምን ያህል ጠብታ እንደገባበት ይገባሻል። የሒሳብ ሰው ይህን ለማንበብ ኬሚስት መሆን አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ማንኪያና ኩባያ ተዪ፤ ሚዛን ግዢ። የወጥ ቤት ሚዛን ማለቴ አይደለም። 200 ግራም ክሬም ስትሠሪ 1 በመቶ መከላከያ ማለት 2 ግራም ብቻ ነው፤ በአንድ አንድ ግራም የሚያነብ ሚዛን «2» ብሎ ሲያሳይሽ ትክክለኛው ክብደት 1.5 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ክሬምሽ አይጠበቅም፣ በሁለተኛው ከተፈቀደው መጠን ታልፊያለሽ። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነበውን ትንሽ ሚዛን ፈልጊ። አሠራርሽን ሁሉ በመቶኛ ጻፊው፤ ድምሩ 100 ካልመጣ፣ እንደማይዘጋ ሒሳብ ቁጠሪውና ሥራ አትጀምሪ።

ሦስተኛው ነገር ውሃ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነውና ታገሺኝ፤ እኔ የከሰርኩት በእርሱ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ለፋሲካ ባዛር 64 ብልቃጥ የእሬት ክሬም ሠራሁ። እሬቱን ከእናቴ ግቢ ቆርጬ፣ ልጬ፣ በጁስ መፍጫ ፈጭቼ፣ ከሰሊጥ ዘይትና ከሺያ ቅቤ (ከሺያ ዛፍ ፍሬ ከሚወጣው ቅባት) ጋር አዋሐድኩት። መከላከያ ብዬ የጨመርኩት ቫይታሚን ኢ ብቻ ነበር፤ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «ተፈጥሯዊ መከላከያ» ይሉት ነበርና። በሦስት ቀን ውስጥ 51 ብልቃጥ በ350 ብር ሸጥኩ። 17,850 ብር በእጄ ይዤ ወደ ቤት የገባሁበትን ምሽት አልረሳውም፤ ለባለቤቴ ሥራ ልለቅ እንደምችል ሳይቀር ነግሬው ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ደውላ «እህት፣ ክሬምሽ ፀጉር አበቀለ» አለችኝ። የቀሩኝን 13 ብልቃጦች ስከፍት ሰባቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አገኘሁ። ስልካቸው የነበረኝን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ 43 ብልቃጥ ሰብስቤ 15,050 ብር መለስኩ። ስምንቱን ገዢዎች እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም፤ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ የእነርሱ ነገር ነው። ከገዢዎቹ የአንዷ ፊት ሽፍ ብሎባት ስለነበር ራሴ ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድኳትና ከፈልኩ። ሐኪሙ «ምን መከላከያ ጨምረሽበት ነበር?» ሲለኝ በኩራት «ቫይታሚን ኢ» አልኩት። ሰውየው አልሳቀብኝም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽና ሽታው እንዳይለወጥ ያዘገያል እንጂ ባክቴሪያንም ሆነ ሻጋታን እንደማይከለክል አስረዳኝ። ይባስ ብሎም የሚያስፈራው የሚታየው ሻጋታ ብቻ እንዳልሆነ፣ መልኩም ሽታውም ያልተለወጠ ክሬም በባክቴሪያ የተሞላ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ከእሬቱ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽም በራሱ ቆዳ የሚያስቆጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እኔ ሳላጥብ ከነፈሳሹ ነበር የፈጨሁት።

ቤት ስመለስ እናቴ የጓዳዋን መደርደሪያ አሳየችኝ። የተነጠረ ቅቤ ዓመት ሲቀመጥ ለጋው ቅቤ ለምን ይበላሻል? ድርቆሽ ወራት ሲቆይ እንጀራው በአራተኛው ቀን ለምን ይሻግታል? ውሃው ነው። ስድስት ሺህ ብር የከፈልኩበት ሥልጠና ያልነገረኝን ነገር እናቴ ቅቤ ባነጠረች ቁጥር ስትሠራው ኖራለች። ሻጋታና ባክቴሪያ ለመራባት ውሃ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ የእሬት ጭማቂ ስጨምር ውሃውንም ምግባቸውንም አቅርቤላቸው ነበር።

ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውሃ የሌለበትን ብቻ ሥሪ። አንድ እጅ የንብ ሰም ለአራት እጅ ዘይትና ቅቤ ጥሩ የከንፈር ቅባት ይወጣዋል። የጋምቤላው ሺያ ከምዕራብ አፍሪካው የለሰለሰ ስለሆነ ሰሙን ትንሽ ጨምሪለት፤ አዲስ አበባ ላይ የረጋልኝ ቅባት ድሬዳዋ ሲደርስ ዘይት ሆኖ ከነሣጥኑ ፈስሶብኛል። ደንበኛሽ እርጥብ እጇን ብልቃጡ ውስጥ ከከተተች ውሃው በዚያ በኩል ይገባልና አፈ ጠባብ ዕቃ ምረጪ።

ክሬም ውስጥ የምትገቢው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምሠራበት መነሻ 73 በመቶ የተጣራ ውሃ፣ 20 በመቶ ዘይትና ቅቤ፣ 6 በመቶ ውሃና ዘይቱን የሚያዋሕደው ሰም (የንብ ሰሙን ማለቴ አይደለም)፣ 1 በመቶ መከላከያ ነው። ሁለቱን ወገን፣ ውሃውንና ዘይቱን ከነሰሙ፣ ለየብቻ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ድረስ አሙቂና ቀላቅለሽ አማስዪ፤ መከላከያውን ከ40 ዲግሪ በታች ሲበርድ ጨምሪ። የምትጠቀሚው መከላከያ ሶዲየም ቤንዞዌት ወይም ፖታሲየም ሶርቤት ከሆነ፣ የክሬሙ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር) ከ5 በላይ ሲሆን አቅሙ ስለሚደክም በመለኪያ ወረቀት ሳታረጋግጪ አትሽጪ። ለውሃው የባትሪ ውሃ እንዳትገዢ፤ እኔ የሄድኩበት ሱቅ ከአሲዱ ጋር በአንድ ዓይነት ጀሪካን ነበር የሚያስቀምጠው። ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ ብልቃጥ ቀንና ቁጥር ጽፈሽበት ለራሽ አስቀሪ፤ አዲስ አሠራር ከሆነ ቢያንስ ሦስት ወር ሳታይው ለገበያ አታውጪው።

አራተኛ ብዬ ስለ ፈቃድ ልጽፍ አስቤ ነበር። ኮስሞቲክስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ መሸጥ እስከ መጨረሻው አያዘልቅሽም። እኔ ልጠይቅ በሄድኩበት ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ብልቃጤን አንሥቶ «ይህ የሚበላ ነው የሚቀባ?» ብሎ ከባልደረባው ጋር ተሳሳቀ፤ ከዚያም ለሦስት ቀናት ከመስኮት ወደ መስኮት አመላለሰኝ። በመጨረሻ መዝገብ ቤት ያለች አንዲት ሴት የሚጠየቀውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ። አንቺም የሚያስፈልገውን በጽሑፍ ሳትቀበዪ ቤት አትከራዪ፤ እኔ ባዶ ክፍል የአራት ወር ኪራይ ከፍያለሁ።

የሚያቀላ ክሬም ሥሪልን የሚሉሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይበዛሉ፤ ገንዘቡም ያጓጓል። ሐኪም የሚያዘውን የስቴሮይድ ቅባት ከሎሽን ጋር አደባልቀው የሚሸጡ ሰዎችን አውቃለሁ። እኔ አልሠራም፤ በዚህ ምክንያት ደንበኛ አጥቻለሁ፤ አልቆጨኝም።

ስለ 15,000 ብሩ፦ ሚዛኑን፣ የሙቀት መለኪያውን፣ የፒኤች ወረቀቱን፣ ትንሽ ሰምና ዘይት ግዢበት፤ የተረፈውን ለሚበላሸው ሥራሽ አስቀምጪው፣ መበላሸቱ አይቀርምና። ብልቃጥ መርካቶ በደርዘን ታገኛለሽ፤ በብዛት አትግዢ። የዕቃ መለያ ወረቀት ግን ጨርሶ አታሳትሚ። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ያለ ምንም መከላከያ» ብዬ በወርቃማ ቀለም ካሳተምኳቸው 1,000 መለያዎች 900 ያህሉ እስከ አሁን አልጋዬ ሥር አሉ፤ በጀርባቸው የአስቤዛ ዝርዝር እጽፍባቸዋለሁ።