አዲስ ቺንጊያ ሲበጠስ፦ ለወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት መካኒክ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ታይሚንግ ቤልቱን ከቀየርኩት ሁለት ወር አልሞላውም፤ ተበጠሰ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው" አለኝ። ድንጋጤው ገባኝ፤ የሞተሩን ቫልቮችና ፒስቶኖች አናብቦ የሚያስኬደው ይህ ባለ ጥርስ ቺንጊያ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ያኔ አንድ ላንድክሩዘር መጣልኝ፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ። 100,000 ኪሎ ሜትር ሞልቶት የቺንጊያው መብራት በርቷል። ባለቤቱ "ለጊዜው ቺንጊያው ብቻ ይቀየር፣ ኩሽኔታው ሌላ ጊዜ ይደርሳል" አለኝ። የወጣሪውን፣ ማለትም ቺንጊያውን ወጥሮ የሚይዘውን ኩሽኔታ በጣቴ መታ አደረግኩት። እንደ ብስክሌት ጎማ ተሽከረከረ። ደህና ነው ብዬ መልሼ ገጠምኩት።

ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። ጤነኛ ኩሽኔታ ውስጡ ግራሶ ስላለው ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ዝም ብሎ የሚሽከረከር፣ ደረቅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግራሶው አልቋል። እኔ የድካሙን ምልክት እንደ ጤና ቆጠርኩት።

መኪናው 4,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደም። አባይ በረሃ ውስጥ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ሰውየው አሮጊት እናቱን ይዞ ነበር። እዚያ ሙቀት ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ተጎትቶ ሲመጣ ከፈትኩት። ኩሽኔታው ነክሶ ቆሟል፤ ከግለቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። ቺንጊያው በቆመ ብረት ላይ ሲፈተግ ጀርባው ተቃጥሎ ነው የተበጠሰው። ዕቃው ኦሪጅናል ነበር። ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ተጋጭተው ተጣመዋል። ሥራውን በነፃ ሠራሁለት። የእናቱን ፊት ግን ዛሬም አልረሳሁትም።

ስለዚህ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከባለሱቁ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት የተበጠሰውን ቺንጊያ ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት። ብዙ ነገር ይናገራል። በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከተበጠሰ፣ ሳይገጠም በፊት ታጥፏል ማለት ነው። ጎማ ስለሆነ እንደፈለጉ የሚያጥፉት ይመስላል እንጂ ውስጡ ጥንካሬ የሚሰጡት የመስታወት ክሮች ናቸው። መሳብ ይችላሉ፤ መታጠፍ አይወዱም። ሱቅ ውስጥ በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ቺንጊያ አትግዙ። አልገባ ሲላችሁም በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። እየፈለቀቀ የሚገጥም ስንት ሰው አይቻለሁ! ወጣሪውን ፈታ አድርጉት፤ በእጅ ይገባል።

ጥርሶቹ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተላጭተው ከሆነ አንድ የሚዞር ነገር ቆሟል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ዘይት አጥቶ ነክሶ ይሆናል። ቺንጊያው የውሃ ፓምፑንም የሚያዞርባቸው መኪኖች ላይ ፓምፑን ጠርጥሩ። ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ቺንጊያው የሚዞርበት ፑሌጃ ዘሟል። አብጦ፣ ዘይት ጠጥቶ ከለሰለሰ ደግሞ የሚያፈሰውን የዘይት ማሸጊያ (ሲል) ሳትቀይሩ ነው የገጠማችሁት። ዘይት የነካውን በቤንዚን አጥቦ መመለስም አይሆንም፤ ቤንዚኑም ጎማውን ይጎዳዋል።

የታችኛው ሽፋን ነገርም ያሳዝነኛል። "ምን ያደርጋል" ተብሎ ሳይገጠም ይቀራል። ከዚያ ጠጠር፣ ጭቃ፣ አንዳንዴም የተተለተለ የዲናሞ ቺንጊያ ይገባበታል። ሦስት ቡሎን ለማሰር ስንሰንፍ ሞተር ይጠፋል።

ውጥረቱን በጣት አትገምቱ። በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይገድላል፤ ከላላ ጥርስ ይዘላል። አምራቹ በሚለው መንገድ ወጥሩ፣ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። ከዚያ በማስነሻ ሳይሆን በእጅ ክራንክ ሻፍቱን፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ካም ሻፍቱ በዚያ አንድ ዙር ይዞራል። ምልክቶቹ ተመልሰው ካልገጠሙ እንደገና ፍቱት። ቢመሽም ፍቱት።

ደንበኛው "ቺንጊያው ብቻ" ሲላችሁ በእርጋታ አስረዱት። ኩሽኔታው ምን ያህል እንደሆነ፣ ቴስታታ፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር ራስ፣ ማውረድ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስወጣው ቁጭ ብላችሁ አስሉለት። አብዛኛው ሰው ሲገባው እሺ ይላል። እምቢ ካለ ሥራውን ተዉት። እኔ ከዚያ ላንድክሩዘር ወዲህ ግማሽ ሥራ አልተቀበልኩም። ያጣሁት ደንበኛ አለ፤ አልቆጨኝም።

ለሾፌሮችም ንገሩልኝ። መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ከጠፋና ሲያስነሱት ከወትሮው ቀልሎ የሚዞር ከመሰላቸው ቁልፉን ይልቀቁት። "እስኪ አንዴ ልሞክር" ባሉ ቁጥር የተረፈውን ቫልቭ ያጣምሙታል። በማርሽ አስገፍተው ለማስነሳትም አይሞክሩ። ያስጎትቱት። የተበጠሰውን ቁራጭም አይጣሉት፤ በፌስታል ይዘውላችሁ ይምጡ።