ባይፖላር ከመቶ ሰው ስንቱን ይይዛል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የባይፖላር ሕመም እንዳለበት ሐኪም ከነገረን ወዲህ ስለ ሕመሙ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንዱ ጽሑፍ ከ200 ሰው አንዱን ይይዛል ይላል፤ ሌላው ከመቶ ከሁለት በላይ፣ ሦስተኛው ከመቶ ከአራት በላይ ይላል። የአንድ ሕመም ቁጥር እንዲህ የሚራራቀው ለምንድን ነው? የትኛውንስ ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቁጥሮቹ የተራራቁት የተቆጠረው ነገር ስለሚለያይ ነው። ከ200 አንድ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሕመሙ ጋር ይኖሩ የነበሩትን 37 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይመለከታል። ከመቶ 2.4 የሚለው ደግሞ በ11 አገሮች 61,392 አዋቂዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ከታተመ ጥናት የመጣ ነው፤ የሚቆጥረውም በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ የታመመውን ሁሉ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን የሚመጣው ድንበሩ ከተሰመረበት ቦታ ነው። ሐኪሞች ማኒያ የሚሉት ከመጠን ያለፈ የስሜት መነሣሣት ቢያንስ ለሰባት ቀን ከቆየ ወይም ሆስፒታል ካስተኛ አንደኛው ዓይነት ባይፖላር ይባላል፤ ቢያንስ አራት ቀን የቆየ ቀለል ያለ መነሣሣት ከከባድ ድባቴ ጋር ሲፈራረቅ ሁለተኛው ዓይነት ይሆናል። በዚያው ጥናት የመጀመሪያው ከመቶ 0.6፣ ሁለተኛው 0.4 ብቻ ነበር። የቀረው 1.4 ምልክቱ ታይቶባቸው መስፈርቱን ሳያሟሉ የቀሩ ሰዎች ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመውና ከመቶ 4.4 ያለው ጥናትም ከግማሽ በላዩን ያገኘው ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

አጭር መጠይቅ አስሞልተው ብቻ የሚገምቱ ጽሑፎችን ግን በጥንቃቄ እንዲያነቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከእነርሱ ስምንቱን ቢያገኝና ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ ከመቶ አሥሩን በስህተት ቢጠረጥር፣ 99 ጤነኞች ከስምንቱ ሕመምተኞች ጋር ተደባልቀው 107 ሰው ይቆጠራል፤ ይህም ከእውነተኛው ቁጥር ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በመጠይቅ የተጠረጠረው ሰው በባለሙያ ቃለ መጠይቅ መረጋገጥ አለበት።

ስህተቱ ወደ ታችም ይጎትታል። በማኒያ ውስጥ ያለፈ ሰው ያንን ወቅት እንደ ሕመም ላያየው፣ ከዓመታት በኋላም ላያስታውሰው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ድባቴው በመሆኑም ሌላ ስም ተሰጥቶት ይቆያል። ቤት ለቤት የሚሄድ ጥናት ደግሞ ሆስፒታል የተኙትንና መጠለያ የሌላቸውን አያገኝም።

በእኔ ሚዛን፣ መስፈርቱን ያሟሉትን ሁለቱን ዓይነቶች ብቻ ይዞ ከአዋቂዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው በሕይወት ዘመኑ ይታመማል ማለት ምክንያታዊ ነው። ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የአጠቃላይ ሕዝብ ቁጥር ስለሆነ እርስዎን በቀጥታ አይመለከትም። የሕመምተኛ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የመታመም ዕድሉ ከፍ ብሎ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ይገመታል፤ ከእነርሱም ቢሆን አብዛኞቹ ባይፖላር አይዛቸውም።