«አሜሪካን» ተብሎ የተሸጠ ቤዝ ጊታር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመሐል ከተማ የምሽት ክበቦች ቤዝ ጊታር እየተጫወትሁ የምተዳደር ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በቴሌግራም «ኦሪጅናል አሜሪካን ፌንደር ጃዝ ቤዝ፣ ከሁለት ፔዳል ጋር፣ ምንም ችግር የሌለበት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ፣ ማታ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ ውስጥ ከሻጩ ጋር ተገናኘንና 160 ሺህ ብር በባንክ አስተላልፌ ዕቃውን ተረከብሁ። የጽሑፍ ውል የለንም። ከአራት ቀን በፊት ክር ልቀይር ስል ከጊታሩ ራስ ጀርባ ያለው ሲሪያል ቁጥር በ«ኤም ኤክስ 12» እንደሚጀምር፣ ከጎኑ የነበረው ጽሑፍም ተፍቆ እንደጠፋ አየሁ። ጓደኛዬ የሜክሲኮ ሥራ ነው አለኝ። በነጋታው ለሻጩ ብጽፍለት «አይተህ ገዝተሃል፣ ተመላሽ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ከፔዳሎቹም (በእግር የሚረገጡ የድምፅ መለወጫዎች ናቸው) አንዱ፣ የቦስ ኦቨርድራይቭ፣ በአምስተኛው ቀን ሥራ አቁሟል፤ ይህን እስካሁን አልነገርሁትም። በዚህ ላይ ትናንት አንድ ሙዚቀኛ ደውሎ «ጊታሩ የእኔ ነው፤ አውሼው ነው የሸጠው» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ? ወይስ በገዛሁበት ዋጋ ለሌላ ሰው ሸጬ ልገላገል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ዛሬ ማታ ሊፈጽሙት የሚችሉት እሱን ነውና። ጊታሩን «አሜሪካን ነው» ብለው በገዙበት ዋጋ ከሸጡት፣ እስካሁን የተበደሉት እርስዎ ሆነው ሳለ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዳዩ እርስዎ ይሆናሉ። ሻጭዎ «እኔም እንዲሁ ተብዬ ነው የገዛሁት» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እርስዎ ግን ቁጥሩን አይተው፣ ጽሑፉ መፋቁን አውቀው፣ «ባለቤት ነኝ» የሚል ሰው ደውሎልዎት የሚሸጡ ስለሆነ ይህ መከራከሪያ አይኖርዎትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት፣ አንቀጽ 682 ደግሞ በወንጀል የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ስለሚቀበልና ስለሚያስተላልፍ ሰው የሚደነግጉትን በራስዎ ላይ አይጥሩ። ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ጊታሩ እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ፒክአፑም (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ሆነ ሌላው ዕቃው አይቀየር።

ቀጥሎ በገዙት ነገር ምንነት ላይ እንስማማ። ፌንደር በሁለት አገሮች የራሱ ፋብሪካዎች አሉት፤ አንዱ በካሊፎርኒያ ኮሮና፣ ሌላው በሜክሲኮ ኤንሴናዳ ይገኛል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሜክሲኮው ሥራ በ«ኤም ኤክስ»፣ የአሜሪካው በ«ዩ ኤስ» ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። ስለዚህ የጊታርዎ አንገት በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኤንሴናዳ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጓደኛዎ የነገረዎት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን ጊታሩን ሐሰተኛ ፌንደር አያደርገውም። ይህን የምለው ሻጩን ለማዳን ሳይሆን ክስዎን ለማዳን ነው። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ሊያዋጣው ይችላል፤ የማያዋጣው «አሜሪካን» የሚለው ነው። ፎርጂድ ሸጠልኝ ብለው ቢነሡ ሻጩ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊረታዎት ይችላል።

ሻጩ «ፌንደር የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ አሜሪካን ያልሁት ለዚህ ነው» እንደሚል እጠብቃለሁ። መልሱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1732 ላይ አለ፤ ውል የሚተረጎመው በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመንና በሥራው ልማድ መሠረት ነው። በቤዝ ተጫዋቾች ዘንድ «አሜሪካን» ማለት የተሠራበት ቦታ መሆኑን፣ ባለቤቱ አሜሪካዊ ኩባንያ ስለሆነ ብቻ ማንም የሜክሲኮውን «አሜሪካን» ብሎ እንደማይጠራው፣ የሁለቱም የገበያ ዋጋ በእጅጉ የሚለያይ መሆኑን ሁለት የሙያ ምስክሮች ቢያስረዱ ይህ ክርክር ብዙ አይራመድም። የከፈሉት ገንዘብ ራሱ ምስክር ነው፤ በተመሳሳይ ዓመት ለተሠሩ የአሜሪካና የሜክሲኮ ጃዝ ቤዞች አሁን የሚጠየቀውን ዋጋ የሚያሳዩ ማስታወቂያዎችን ሰብስበው ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው በእርስዎ ሁኔታ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው «ማታለል» የሚለውን ነው፤ እኔ ግን የሚሻልዎት መንገድ የሽያጭ ሕጉ ነው እላለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና ይሰጣል። በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የተነገረው ዓይነትና ጥራት ሳይኖረው ሲቀር አንቀጽ 2289 ጉድለት አለበት ይለዋል። በዚህ መንገድ ሻጩ ይወቅ አይወቅ፣ ይፋቅ አይፋቅ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ «አሜሪካን» ተብሎ መሸጡንና አሜሪካን አለመሆኑን ብቻ ያስረዳሉ። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም አያስፈራዎት። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በቃል ይጸናል፤ ማስታወቂያው፣ የቴሌግራም መልእክቶቹና የባንክ ማስተላለፊያው ተደምረው ውሉን ያስረዳሉ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ቴሌግራም ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ እንደሚፈቅድ ያውቃሉና፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ማስታወቂያውን ከነቀኑ፣ የሻጩን መለያ ስምና ስልክ፣ ሙሉውን የመልእክት ልውውጥ ፎቶ አንሥተው በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

«አይተህ ገዝተሃል» የሚለው መልሱ ግን ባዶ አይደለም፤ ሕጉ ገዢው የሚያውቀውን ወይም ግልጽ ሆኖ ሳለ በከባድ ቸልተኝነት ያላየውን ጉድለት በሻጩ ላይ አይጭንም። ፍርድ ቤቱ «ቁጥሩ በራሱ ላይ ታትሞ ሳለ ለምን አላዩትም?» ብሎ ሊጠይቅዎት ይችላል። በማታ፣ በካፌ ብርሃን፣ ከሻጩ ግልጽ ቃል ተነሥተው መግዛትዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሠራበትን አገር በቃል የሚናገረው መስመር ተፍቆ የነበረ መሆኑን ያስረዱ። የቀሩት ሁለት ፊደላት ትርጉም ለአንባቢ ሁሉ ግልጽ አይደለም። «ተመላሽ የለም» ያለው ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ስለሆነ የውሉ አካል አይደለም፤ ቀድሞ ቢናገረው እንኳ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ አይጠቅመውም።

ያ የተፋቀ መስመር የጉዳዩ ቁልፍ ነው። የፋቀው ሻጩ ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሩ ከተሳሳተ ቃል አልፎ የተንኮል ሥራ ይሆናል፤ በአንቀጽ 1704 ውሉን ማስፈረስ፣ በወንጀልም መክሰስ ይቻላል። የፋቀው ከእሱ በፊት የነበረ ባለቤት ከሆነ ግን አንቀጽ 1705 ያስቸግርዎታል፤ ያለ ተንኮል ሥራ የተነገረ ሐሰት ብቻውን በመርሕ ደረጃ ውልን አያፈርስምና። የማስረዳት ሸክሙም የእርስዎ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ ወይ ላሉት መልሴ ከዚህ ይነሣል፤ ማን እንደፋቀው የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ሻጩ ቀደም ሲል የለጠፈው መስመሩ ሳይፋቅ የተነሣ ፎቶ፣ እስካላገኙ ድረስ አቤቱታዎ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የሻጩን የቆዩ ልጥፎች ወደ ኋላ እየሄዱ ይመልከቱ።

የጃዝ ቤዝ አንገት ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን የሚያያዝ ስለሆነ አንገቱ የሜክሲኮ፣ አካሉ የሌላ ሊሆን ይችላል፤ ተጣምረው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ተፈትቶ ቢታይ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ብቻዎን አይፍቱት። ሻጩን በጽሑፍ ጠርተው፣ ካልመጣም በሁለት ምስክሮች ፊት፣ በባለሙያ እጅ፣ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ በቪዲዮ እየተቀረጸ ይፈታ። አለበለዚያ ነገ «ራሱ ነው የቀየረው» ይባላሉ።

ስለ ፔዳሉ አጭር ልሁን። አንቀጽ 2291 እና 2292 ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ባገኘ ጊዜም ወዲያውኑ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛሉ፤ ካላስታወቀ ዋስትናው ይቀርበታል። ስለ ጊታሩ በነጋታው በመጻፍዎ ከዚህ አደጋ አምልጠዋል፤ ስለ ፔዳሉ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም ብለዋል። ሌላም አለ። እነዚህ ፔዳሎች በ9 ቮልት፣ መሐሉ ኔጌቲቭ በሆነ አዳፕተር ነው የሚሠሩት፤ የኪቦርድ አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልትና መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። በምሽት ክበብ መድረክ ላይ ያገኙትን አዳፕተር ሰክተው ከሆነ ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱት፤ ክስዎን ግን በእሱ ላይ አያቁሙት።

የደወለልዎት ሙዚቀኛ ጉዳይ ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ «አውሼው ነው» ማለቱን በጥሞና ያስተውሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1161 የሚንቀሳቀስን ግዙፍ ዕቃ፣ የሚያስተላልፈው ሰው መብት አለው ብሎ በቅን ልቦና አምኖ፣ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ባለቤቱ ዕቃውን በፈቃዱ በሻጩ እጅ ካኖረና ሻጩ እምነት አጉድሎ ከሸጠ፣ ክርክሩ በእሱና ባመነው ሰው መካከል ነው፤ እርስዎ ባለቤት ሆነው ይቀጥላሉ። ዕቃው ተሰርቆ ከሆነ ግን መልሱ ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ከቅን ልቦና ገዢም ቢሆን ሊወስደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ገዢው የከፈለውን ከባለቤቱ የሚያስመልሰው ከተመሳሳይ ዕቃ ነጋዴ፣ ከገበያ ወይም ከሐራጅ የገዛ እንደሆነ ነው፤ ካፌ ውስጥ ከግለሰብ የተደረገ ግዢ በዚህ ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ነው። ያን ጊዜ ፊትዎን የሚያዞሩት ወደ ሻጩ ነው፤ ሌላ ሰው በመብት ተነሥቶ ዕቃውን ቢወስድብዎት ሻጩ በአንቀጽ 2281 ይጠየቃል። ስለዚህ ለደወለው ሰው በትሕትና «የተናገሩትን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ፎቶና ደረሰኝ ካለዎት ይጨምሩ» ይበሉት። ዛሬ «አዋስሁት» ብሎ የጻፈ ሰው ነገ «ተሰረቅሁ» ለማለት ይቸገራል። እስከዚያው በቃል ብቻ አሳልፈው አይስጡት። ፖሊስ መጥቶ ለኤግዚቢት (ለማስረጃነት) ልውሰደው ቢልዎት አይከላከሉ፤ ቁጥሩና ያለበት ሁኔታ የተጻፈበት ማረጋገጫ ግን ተቀብለው ይያዙ።

ለሸማቾች ጥበቃ አቤት ማለትንም ሳያስቡ አይቀሩም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚመለከተው በዋናነት ነጋዴና ሸማች መካከል ያለውን ግንኙነት ነው፤ የራሱን ጊታር የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ አይባልም። ሻጩ ግን በየሳምንቱ ጊታርና ፔዳል የሚለጥፍ ሆኖ ካገኙት ነገሩ ይለወጣል፤ ከላይ የቆዩ ልጥፎቹን ይዩ ያልሁት ለዚህም ጭምር ነው።

በተግባር ቀዳሚው ሥራ ደብዳቤ ነው። ለሻጩ በወረቀት ጽፈው፣ ቅጂውን አስቀርተው፣ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ይላኩ፤ አድራሻውን የማያውቁ ከሆነ ፊርማዎ ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥተው በዚያው በቴሌግራም ይላኩለት። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «በዚህ ቀን አሜሪካን ፌንደር ጃዝ ቤዝ ነው ብለው በ160 ሺህ ብር ከሁለት ፔዳል ጋር የሸጡልኝ ጊታር አንገቱ በሜክሲኮ የተሠራ፣ የተሠራበትን አገር የሚገልጸውም ጽሑፍ የተፋቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህንኑም በማግሥቱ አስታውቄዎታለሁ። ከፔዳሎቹ አንዱም አይሠራም። በተጨማሪ ሌላ ሰው የባለቤትነት ጥያቄ አቅርቦብኛል። ይህ ደብዳቤ በደረስዎት በ10 ቀን ውስጥ ዕቃውን ተረክበው ገንዘቤን እንዲመልሱ፣ ካልሆነ ውሉ እንዲሰረዝና ኪሳራ እንዲከፈለኝ የምከስ መሆኔን አስጠነቅቃለሁ።» አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ ይህ ደብዳቤ ለወግ ብቻ የሚጻፍ አይደለም።

ጊታሩን ከወደዱት፣ ደግሞም ከጥያቄዎ አጻጻፍ የወደዱት መስሎኛል፣ የዋጋውን ልዩነት ብቻ ተቀብለው ማስቀረትም ይችላሉ፤ የኤንሴናዳ ጃዝ ቤዝ ለምሽት ሥራ የሚያሳፍር መሣሪያ አይደለም። ነገር ግን ይህን ስምምነት የደወለው ሰው ጥያቄ ሳይፈታ አይፈርሙ፤ ሲፈርሙም ሻጩ ለባለቤትነቱ የሚሰጠው ዋስትና እንደማይነካ በጽሑፍ ይካተት። ካልተስማሙ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ አስማሚ ሊመራችሁም ይችላል። በጉድለት ላይ የተመሠረተው መብት ጉድለቱን ካስታወቁበት ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ ካልተሠራበት ይቋረጣል፤ እርስዎ ለሻጩ የጻፉት ከሦስት ቀን በፊት ስለሆነ ቆጠራው ተጀምሯል።