ብሩ ሲቋረጥበት ማንበብ ስላቆመው ልጅዎ

ውድ እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅዎ ላነበበው ገጽ ሁሉ 5 ብር ሲሰጡት ቆይተው ሲያቋርጡበት መጽሐፉን እየወረወረ መጮህ መጀመሩን ጽፈው፣ «ወደ ብሩ ልመለስ ወይስ ልቅጣው?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በልጄ ላይ ያየሁት ጣጣ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርዎት።

1. ወደ ብሩ አይመለሱ። የለመደው ሽልማት የተቋረጠበት ልጅ ከመሻሻሉ በፊት ለጊዜው ሊብስበት ይችላል። ጩኸቱ ሲበረታ ታክተው ከሰጡት የሚማረው አብዝቶ መጮህን ነው፤ አንዳንዴ እየሰጡ አንዳንዴ መከልከል ደግሞ ልማዱን ይበልጥ ያጠነክረዋል።

2. ልጅዎ ከብሩ በፊት ማንበብ ይወድ ነበር? ይህን አጥብቄ የምጠይቅዎት፣ የእኔ ልጅ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ያለ ጎትጓች፣ የደንገሉን እስር ሳይቀር፣ ትስል ስለነበር ነው። ትምህርት ቤቷ ለእያንዳንዱ ሥዕል ኮከብ መለጠፍ ሲጀምር ሥዕሉ በዛ፣ ታንኳው ግን ሁለት መስመር ብቻ ሆነ፤ ክረምት ገብቶ ኮከቡ ሲቀር እርሳስም አላነሳች። ይህንን ለዳይሬክተሩ ባስረዳቸው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ሌላው ወላጅ ያመሰግናል፣ እርስዎ ይከሳሉ» ብለው አሰናበቱኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል ከሚወዱ ሕፃናት መካከል የምስክር ወረቀት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው በኋላ በነጻ ሰዓታቸው መሳል ቀንሰዋል፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ቅጣቱንም ይተዉት። ዱላ ድርጊቱን ለጊዜው ያፍነዋል እንጂ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት አያስተምረውም፤ ልጁም መደበቅንና መዋሸትን ይለምዳል፣ መጽሐፉንም ከፍርሃት ጋር ያያይዘዋል።

ለልጄ በኮከቡ ፈንታ ምንም አልሰጠኋትም፤ ወደ ሐይቁ ዳር እየወሰድሁ ስለምታየው ብቻ እጠይቃት ነበር፤ ቆይታ በራሷ ፈቃድ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች፣ በዚህም እኮራለሁ። እርስዎም ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ያንብቡለት፤ ታሪኩ ከሚጥምበት ላይ ቆም ብለው ቀጥሎ የሚሆነውን እንዲገምት ያድርጉት። አያት ወይም አጎት ቤት ውስጥ ካሉም፣ አንጀታቸው እየተላወሰ ብር በድብቅ እንዳያስጨብጡት ቀድመው ይስማሙ።