አዲሰን ያለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ሲጀምር ለምን ይደክማል?

ሰላም እህቴ። እናትሽ የአድሬናል ዕጢ ማነስ፣ ማለትም አዲሰን፣ እንዳለባቸው ታውቆ ዕጢው ማመንጨት ላቃተው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ምትክ በቀን 20 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን እየወሰዱ ደህና ነበሩ። የቲቢ መድኃኒት በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ግን ከአልጋ መነሳት አቃታቸው፤ «መድኃኒቱ ከብዷቸው ነው፣ ይለምዱታል» ተባልን ብለሻል።

አይለምዱትም፤ ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ውሰዷቸው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን፣ ጉበት ኮርቲዞልን፣ ምትኩን ክኒንም ጭምር፣ ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል። የጤነኛ ሰው ዕጢ ጨምሮ እያመነጨ ያካክሰዋል። የእናትሽ ዕጢ ይህን ስለማይችል፣ የሚውጡት 20 ሚሊግራም ቀኑን ሙሉ አያቆያቸውም። የሪፋምፒሲን ተጽዕኖ ሙሉ ለመሆን 2 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው።

የቲቢውን መድኃኒት ግን እንዳታቋርጡ። የሚስተካከለው ሃይድሮኮርቲዞኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ እጥፍ፣ አንዳንዴም ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ይደረጋል። ስንት እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስናል። ትልቁ ድርሻ ጠዋት እንደነቁ፣ የቀረው ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ሪፋምፒሲን ሲያልቅም ጉበቱ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ 2 ሳምንት ያህል ስለሚወስድ በዚያው ቀን አይቀነስም።

ፍሉድሮኮርቲዞን የሚወስዱ ከሆነ እሱም በሪፋምፒሲን ስለሚዳከም አብሮ ይታይ። ጨው በሰውነት እንዲቆይ የሚያደርገው አልዶስቴሮን የተባለው የዕጢው ሌላ ሆርሞን ምትክ እሱ ነው። «ሃይድሮኮርቲዞን ስለጠፋ በዴክሳሜታዞን እንተካው» የሚላችሁ ካለ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱም የስቴሮይድ መድኃኒቶች ቢሆኑም ዴክሳሜታዞን ጨው የመያዝ ሥራ የለውም፣ ሌላው ስቴሮይድ ፕሬድኒሶሎንም ያለው ትንሽ ነው። ለእናትሽ ጨው አትቀንሱባቸው፤ ጨው ጨው ካላቸው ጎድሏቸው ነው።

ደም ግፊታቸውን ተኝተው ለኩ፣ ከዚያ ቆመው 3 ደቂቃ ሲሞላ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ሲቆሙ ካዞራቸው፣ ሰውነታቸው ፈሳሽና ጨው አጥሮታል። በደም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም (ዋናው የጨው ንጥረ ነገር) ዝቅ፣ ፖታሲየም ከፍ ብሎ ይገኛል። የቆዳቸው መጥቆር ከጨመረም ተናገሩ። በጥቁር ቆዳ ላይ በደንብ የሚለየው በድድ፣ በመዳፍ መስመሮችና በአዲስ ጠባሳ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ትውከት ነው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ መጠኑ እጥፍ፣ ከ39 ካለፈ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ አሁን ከፍ ካለው መጠን ላይ ተነስቶ እንዴት እንደሚሰላ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጻፍላችሁ። ክኒኑን በዋጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው አንዴ ድገሙላቸው። እንደገና ካስመለሳቸው በክኒን አትታገሉ፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ጭናቸው ጡንቻ ላይ ይወጋና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መርፌው ከነማሟሟያውና ከነሲሪንጁ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው አወጋጉን ይማር።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «ደክሟቸዋል» ብቻ ካላችሁ ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ግሉኮስ ብቻውን ሶዲየሙን ይባስ ያወርደዋል። «አዲሰን አለባቸው፣ ስቴሮይድ ይወስዳሉ» በሉ፤ በጽሑፍም ያዙት። የሚያስፈልጋቸው 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 50 ሚሊግራም፣ ከመጀመሪያው መርፌ ጋር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ)፤ ልብ ወይም ኩላሊት ካልታመመ በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሊትር ገደማ። ስኳራቸው ከወረደ ግሉኮሱ ይጨመራል። የኮርቲዞል ውጤት እስኪመጣ ተብሎ መርፌው አይዘገይም።

ቲቢው ሲድን ዕጢው ይመለስ ይሆን ብለሽም ጠይቀሻል። ዕጢውን ያበላሸው ራሱ ቲቢው ሊሆን ይችላል፤ ቶማስ አዲሰን ሕመሙን በ1855 እንደ ፈረንጆቹ ሲገልጸው ካያቸው ሕሙማን የብዙዎቹን ዕጢ የጎዳው ቲቢ ነበር። አንዴ ከተጎዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ሃይድሮኮርቲዞኑ የዕድሜ ልክ ነው። በጾም ቀናትም የጠዋቱ ክኒን ከነውኃው በሰዓቱ ይወሰድ እንጂ እስከ 9 ሰዓት አይቆይ፤ ለንስሐ አባታቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።